ለሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ሴልና ሥጋ የሚመረመርበት) ክፍል ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልን

የድሬ ሰዎች፣ እናንተም ሆናችሁ ልጆቻችሁ ቆዳ ሥር እብጠት ካለባችሁና ጭንቀት ከገባችሁ ይቺን አንብቧት።

ልጄ ከጆሮዋ ፊት፣ ጉንጯ ላይ፣ ባቄላ የምታክል እጢ ወጣችባት። አታማትም፤ ስትዳሰስ ግን ድርቅ ያለች ናት። ሰፈር ውስጥ ያልተባለ የለም። አንዱ ነቀርሳ ነው ይላል፣ ሌላው መርፌ ከነካው ይበተናል ይላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ሐኪሙ ያዘዘልን ኤፍ ኤን ኤ፣ ማለትም በመርፌ ሴል ተወስዶ የሚመረመረው ነበር።

ደንገጎን ወጥተን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር ገባን። ዶክተሯ መርፌውን አልደበቁባትም። አሳዩዋትና «ቢምቢ ነክሳሽ ታውቃለች? ይቺ ከሷ ትንሽ ትብሳለች» አሏት። እጢዋን በሁለት ጣት ያዝ፣ መርፌውን ገባ ወጣ፣ አለቀ። የወጣችውን ጠብታ ስላይድ በሚሉት ቀጭን መስታወት ላይ ስስ አድርገው ቀቧት። ማደንዘዣ እንኳ አላስፈለገም።

የማመሰግናቸው ግን ከዚያ በኋላ ላደረጉት ነው። ስላይዱ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቅጥቅ ያሉ ትንንሽ ሴሎች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ለብቻቸው ሲታዩ ካንሰር ሊመስሉ ይችላሉ አሉኝ። ቸኩለው ወረቀት ላይ አልጻፉም። ልጅቷን አባብለው ከሌላ ጎን ደግመው ወሰዱ። የፈለጉት እዚያ ተገኘ፦ ኒውክለሳቸው (የሴሉ አስኳል) የጠፋ፣ መሃላቸው ባዶ የሆነ የሞቱ ሴሎች፣ ከካልሲየም ፍርፋሪ ጋር።

የልጄ እጢ ፒሎማትሪክሶማ ይባላል። ከፀጉር ሥር ሴሎች የሚነሳ፣ በልጆችና በወጣቶች ራስ፣ ፊትና አንገት ላይ የሚበዛ፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው። ድርቀቷም ከካልሲየሙ ነው። የሰፈሩን ወሬ ስነግራቸው ሳቁና «እንዲህ ያለው ምኑ ይበተናል?» አሉኝ።

ደስ ያለኝ፣ የምርመራውንም ልክ አልሸሸጉኝም። መርፌ ሴል እንጂ ሙሉውን እጢ አያወጣም። በራሱ ስለማይጠፋ በቀዶ ሕክምና ይውጣ፣ የወጣውም ለምርመራ ይላክ አሉ። እንዳሉትም ተደረገ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። አሁን የቀረችው ቀጭን ጠባሳ ናት።

የምትሄዱ ካላችሁ የሪፈር ወረቀትና የቀድሞ አልትራሳውንድ ካለ ያዙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከመርፌው በፊት ተናገሩ።

ለዶክተሯም፣ ስላይዱን ለሠራው የላብራቶሪ ልጅም፦ አቦ ይመቻችሁ!