የክለባችንን ባቡር ላስነሱልን የኤሌክትሪክ ባለሙያ

ሰላም ለሁላችሁ። «የሞዴል ባቡሩ ነገር የት ደረሰ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁን፦ ይሄዳል! ከሁለት ሳምንት በፊት ብትጠይቁን ወሬ እናስቀይራችሁ ነበር። ባቡሩን ያስነሱልን አንድ ሰው ናቸው፤ በአደባባይ ላመስግናቸው ብዬ ነው።

መስመራችን ኤችኦ በሚባለው መጠን የተሠራ ነው፤ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጠረጴዛውን ራሳችን ሠራን፣ ሀዲዱን ራሳችን ዘረጋን፣ ሽቦውንም ራሳችን። ጉዱ የመጣው እዚያ ላይ ነው። ባቡሩ ከመቆጣጠሪያው በራቀ ቁጥር ይደክማል። ዞሮ የሚመለስበትን ቀለበት የገጠምን ዕለት ደግሞ መቆጣጠሪያው ገና ሲበራ ሾርት እያለ ይጠፋ ጀመር። ሀዲድ ወለወልን፣ ሎኮሞቲቭ ፈታን፣ ተኮራረፍንም።

አንዷ አባላችን ቤቷን ሽቦ የዘረጉላትን ባለሙያ ይዛ መጣች። የቤት መስመር የሚሠሩ ሰው እዚህ ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ነበር፣ አልዋሽም። ጠረጴዛውን አንዴ ዞሩና ቴስተራቸውን እንኳ ሳያወጡ «ልጆች፣ ቀይና ጥቁር ናስትሮ አምጡ» አሉ። አንዱን ሀዲድ በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር እየለጠፍን እንድንከተል አዘዙን። ቀለበቱን ዞረን ስንመለስ ቀዩ ጥቁሩ ላይ አረፈ፤ ሾርቱ ይኸው፣ ሁለቱ ሀዲዶች እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ሁላችንም ዝም። እሳቸው ብቻ ሳቁ።

ቀለበቱ መግቢያና መውጫ ላይ ሁለቱንም ሀዲዶች አስቆረጡን፤ የተለየው ክፍል ከረጅሙ ባቡራችን እንዲረዝም በሜትር ለክተው ነው። ለዚያ ክፍል የሁለቱን ሀዲዶች የኤሌክትሪክ መስመር በራሱ የሚያቀያይር መሣሪያ ገባለት።

የድካሙ ምክንያት ሌላ ነበር። ሀዲዱ ኒኬል ሲልቨር የሚሉት ነው፤ ስሙ ብር ይላል እንጂ ውስጡ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፣ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከንጹህ መዳብ በብዙ ያንሳል። እኛ ግን አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሽቦ አስረን የቀረውን ለሀዲዱ ትተንለት ነበር። እሳቸው ከጠረጴዛው ስር ወፍራም የመዳብ ሽቦ ዘርግተው ለእያንዳንዱ የሀዲድ ቁራጭ ቀጭን ሽቦ አወጡለት። ሲያልቅ ሩቁ ጫፍ ላይ ሾርት እንዲፈጥር ሳንቲም በሁለቱ ሀዲዶች ላይ አጋደምን፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ጠፋ። ሽቦው የሚበቃ ከሆነ መጥፋት አለበትና ጨበጨብን።

እኔን የገረመኝ ብየዳው ነው። ከነጥቡ ግራና ቀኝ እርጥብ ጨርቅ ያስቀምጣሉ፣ ከሀዲዱ ስር ያለው ፕላስቲክ እንዳይቀልጥ። መጀመሪያ ሀዲዱን ያሞቁታል፣ ቀልጦ የሚያያይዘውን ሊድ የሚያስነኩት ከዚያ በኋላ ነው። አምስቱን ራሳቸው በየዱና መበየጃውን ካውያ ለትንሹ አባላችን ሰጥተው አጠገቡ ቆሙ። የቀረውን የበየደው እሱ ነው፤ አንዱም አልተነቀለም። እያንዳንዱ ሽቦ ላይም ወዴት እንደሚሄድ ጽፈው ለጥፈዋል።

እንከን ካላችሁኝ፣ ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሱም። መልእክት ትታችሁ ጠብቁ፣ ማታ ይደውላሉ። ዋጋቸውን ሥራውን አይተው አስቀድመው ይናገራሉ፣ በኋላም አይጨምሩም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመምጣታቸው በፊት ግን ጠረጴዛው ስር ያጨቃችሁትን ካርቶን አውጡ፤ እኛን «መጋዘን ነው ወይስ ባቡር ጣቢያ?» ብለውናል።