የቬስቱ ግማሽ ዋጋ፦ ስለ አሜሪካው የፖሊስ ሰደርያ ድጎማ

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። ሌላው ሰው ምግብ ቤትና ስልክ ይገመግማል፤ እኔ ደግሞ የማውቀውን ልገምግም።

የምሠራው አሜሪካ ነው፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ፖሊስ መምሪያ ውስጥ። ፖሊስ አይደለሁም። ሽጉጥ አልታጠቅም፣ ሰው አላስርም። ሥራዬ ግዢና ሒሳብ ነው። ጎማ ሲያልቅ፣ የሬዲዮ ባትሪ ሲደክም፣ የደንብ ልብስ ሲቀደድ ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። የጥይት መከላከያ ሰደርያም እንደዚያው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው ቬስት ነው የሚለው፤ እኔም እንደለመደብኝ ቬስት እያልኩ ልቀጥል።

ይህን እንድጽፍ የገፋፉኝ አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ከፖሊስ አካዳሚ ሊመረቅ ነው፤ ሊቀጠር ያሰበው ሌላ ከተማ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ክንዴን ያዝ አደረጉና "ልጄ፣ ያንን ጥይት የሚመልሰውን ነገር ራሱ ነው የሚገዛው ወይስ እነሱ ናቸው የሚሰጡት?" አሉኝ። "እማማ፣ መስጠት ያለበት መምሪያው ነው። ገንዘብ የለንም ካሉትም የመንግሥት ድጎማ አለ" አልኳቸው። "ታዲያ ድጎማ ካለ ለምን የለንም ይላሉ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። መልሱ ግን ቆሞ የሚያልቅ አይደለም።

ድጎማው ባጭሩ ቢ ቪ ፒ ይባላል። አሁን የሚጠራው በፓትሪክ ሌሂ ስም ነው፤ ለረጅም ዘመን የቨርሞንት ሴናተር በነበሩት። መነሻው በ1997 የሆነ ነገር ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በቨርሞንትና በኒው ሃምፕሻየር ድንበር አካባቢ አንድ ታጣቂ ሁለት የስቴት ፖሊሶችን፣ አንዲት ዳኛንና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅን ገደለ። እሱን ሲያሳድዱ ተኩስ ውስጥ ከገቡት መካከል የፌዴራል ሰዎቹ ቬስት ለብሰው ነበር። ከአካባቢው ፖሊሶች ግን ያልነበራቸው ነበሩ። ሌሂ ከኮሎራዶው ሴናተር ከቤን ናይትሆርስ ካምቤል ጋር ሕጉን አዘጋጁ፤ አንዱ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን። በ1998 ጸደቀ። በ2019 ደግሞ ቋሚ ሆነ፤ በየጥቂት ዓመቱ "ይታደስልን" እያሉ መለመን ቀረ። እስካሁን ከ13,000 በላይ የአካባቢ አስተዳደሮች ተጠቅመውበታል። የተገዛውም ቬስት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። ማመልከቻው ድርሰት አያስጽፍም። የመንግሥት ግራንት ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌላው ግራንት የችግሩን ታሪክ፣ ግቡን፣ የግቡን ግብ፣ ውጤቱ በምን እንደሚለካ በገጽ በገጽ ያስጽፋል። ቢ ቪ ፒ ላይ ግን ጥያቄው ስንት ፖሊስ አላችሁ፣ ስንት ቬስት ትፈልጋላችሁ፣ የአንዱ ዋጋ ስንት ነው ዓይነት ነው። የሚከፈተው በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቁጥርህን አስቀድመህ ካዘጋጀህ ከምሳ በፊት ጨርሰህ ትወጣለህ። ትንሽ ከተማ ደግሞ ቅድሚያ አላት። የሕዝብ ቁጥራቸው ከ100,000 በታች የሆኑት መጀመሪያ ይሰጣቸዋል፤ ትልልቆቹ የተረፈውን ይካፈላሉ። የእኛ ቢጤዎች የሚቀድሙበት ሰልፍ ብዙ የለም።

አሁን ወደ ጎደለው ኮከብ።

ድጎማው የሚከፍለው ቢበዛ ግማሹን ነው። ለሒሳቡ እንዲመች የአንድ ቬስት ዋጋ 1,000 ዶላር ነው እንበል። 500ው ከዋሽንግተን፣ 500ው ከከተማዋ። እሱም ቢሆን ቀድሞ እጅህ አይገባም። ታዝዛለህ፣ ትረከባለህ፣ ደረሰኙን ሲስተሙ ላይ ታስገባለህ፣ ከዚያ ነው ጠይቀህ የምትቀበለው። ዕቁብ ቢሆን ዕጣ ወጥቶልህ መጀመሪያ ልትበላ ትችል ነበር። እዚህ ግን ሁልጊዜ የመጨረሻው ዕጣ ነው የሚደርስህ። የእማማ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድጎማ ያለ መሆኑና ከተማዋ የራሷን ግማሽ ይዛ መቅረቧ ለየቅል ናቸው። አሥር ፖሊስ ያላት ከተማ ለሁሉም በአንዴ ልግዛ ካለች 5,000 ዶላር ከራሷ ማውጣት አለባት። ይህ ለኒው ዮርክ የሻይ ነው። በረዶ መጥረጊያ መኪናዋ ለተሰበረባት ትንሽ ከተማ ግን በምክር ቤት ስብሰባ ሰው የሚያጨቃጭቅ ገንዘብ ነው።

"ጃግ የሚባል ሌላ የፌዴራል ድጎማ አለን፣ ግማሹን በሱ እንክፈል" የሚል ሰው አይጠፋም። አይቻልም። የጃግ ገንዘብ ቬስት ሊገዛ ይችላል፤ የቢ ቪ ፒ ግማሽ ሆኖ ግን አይቆጠርም። አንድ የፌዴራል ኪስ ለሌላው የፌዴራል ኪስ መዋጮ አይከፍልም ነው ነገሩ። በእውነት የተቸገረ አስተዳደር መዋጮው እንዲነሳለት መጠየቅ ይችላል፤ ችግሩን በወረቀት ማሳየት ግን አለበት። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለትንንሾቹ ግማሹ ሦስት አራተኛ ቢሆን አምስተኛውን ኮከብ ያለ ንግግር እሰጥ ነበር።

አንድ ብልሃት ልጠቁም። አምራቾች ለቬስት የሚሰጡት ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ነው። ሁሉንም በአንድ ዓመት ከገዛህ ሁሉም በአንድ ዓመት ያረጅብሃል። ያኔ ምክር ቤቱ ፊት ትልቅ ቁጥር ይዘህ ትቆማለህ፤ ትልቅ ቁጥር ደግሞ ጠላት ያፈራል። እኛ ከፋፍለነዋል። በየዓመቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀየራል። የሚጠየቀው ትንሽ ስለሆነ ማንም እጁን አያወጣም። ሳርጀንታችን "አንቺ ሴት ምክር ቤቱን አስተኛሽው" ይለኛል።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ የመልበስ ግዴታ ነው። ከ2011 የበጀት ዓመት ጀምሮ ማንኛውም አመልካች የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊሱ ሥራ ላይ ቬስት እንዲለብስ የሚያስገድድ የጽሑፍ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። "ሁሉም ይለብሳል እኮ" ማለት አይበቃም። የተጻፈ፣ ሥራ ላይ የዋለ መሆን አለበት። ይህ መመሪያ ሲወጣ ካጉረመረሙት አንዱ ይኸው ሳርጀንት ነበር። ይሞቃል፣ ያሳክካል፣ መኪና ውስጥ ወገብ ይይዛል። ሁሉም እውነት ነው። እኔም አንዴ በሐምሌ ሞክሬው ልብሴ ላዬ ላይ ተጣብቆ ነው ያወለቅኩት። ቢሆንም ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2010 ያወጣው ቁጥር አለ። ደረቱን ወይም ሆዱን የተመታ ፖሊስ ቬስት ካልለበሰ የመሞት ዕድሉ ከለበሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። የመምሪያው አዛዥ፣ ቺፉ፣ ይህን ስብሰባ ላይ አነበበ፤ ክርክሩ እዚያው ቆመ። ይህ ድጎማ ካመጣው ነገር ሁሉ ከገንዘቡ ይልቅ መመሪያውን አስቀድማለሁ። ገንዘቡ የገዛውን ቬስት የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ እንዳይተኛ ያደረገው እሱ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ችላ ወደሚለው፣ እኔ ደግሞ ብዙ ወደምጨነቅበት ልግባ። ልክ።

በድጎማው የሚገዛ ቬስት ለሚለብሰው ሰው ተለክቶ የተሠራ መሆን አለበት፤ የሴቶችም ጭምር። ወረቀት ላይ ያምራል። መሬት ላይ ግን የሚወስነው ሜትር የያዘው ሰው ነው። አንድ ጊዜ አቅራቢው የላከው ልጅ ቸኩሎ ነበር። ፖሊሶቹን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ አንዳንዶቹን ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ለካቸው። ቬስቶቹ መጡ። ቆመው ሲሞክሩት ምንም አይልም። ከፖሊሶቻችን አንዷ ግን መኪና ውስጥ ስትቀመጥ የፊቱ ፓነል (ሽፋኑ ውስጥ ያለው፣ ጥይቱን የሚያቆመው ክፍል) ወደ ላይ ተገፍቶ ጉሮሮዋ ሥር ገባ። አንገቷን ማዞር አቃታት። ደረቷ ላይ ያለው ቅርጽ ደግሞ የሷ አልነበረም፤ ጎኗ ላይ ክፍተት ፈጥሯል። አቅራቢው መጀመሪያ "ይላመዳል" አለን። ጫማ ነው እንዴ የሚላመደው? በስልክ ተነታረክን። በመጨረሻ አምጥቶ ደግሞ ለካ፣ ደግሞ አሠራ። እሷ ግን እስከዚያ ድረስ ያረጀውን ለብሳ ነው ስትወጣ የከረመችው።

ከዚያ ወዲህ ሲለካ እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ። ሰውየው ከሥር ስስ ሸሚዝ ብቻ ይልበስ። ቆሞም ተቀምጦም ይለካ፤ ፖሊስ የሥራ ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፈው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነው። ቆሞ ሲታይ የቬስቱ ጫፍ ከመታጠቂያው ቀበቶ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ይበል። አለበለዚያ ሲቀመጥ ቀበቶው ይገፋዋል። ለዚህ የተጻፈ መለኪያ አለ፤ ኤ ኤስ ቲ ኤም ኢ 3003 ይባላል። አቅራቢውን "በዚህ ነው የምትለኩት?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ሰውየውን ቀጥ ያደርገዋል። ለእማማ ልጅ የላክሁለት ምክርም ይኸው ነው። ሲቀጥሩህ ቬስት አለ ወይ ብለህ አታቁም። ለኔ ይለካል ወይስ ከለቀቀ ሰው የተረፈ ነው የምለብሰው በላቸው።

ምን ዓይነት ቬስት? ኤን አይ ጄ የሚባለው የፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ፈትኖ የሚያሳልፋቸው ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ውጪ ከገዛህ ድጎማው የለም። ፈተናው ቬስቱን ለስላሳ የሸክላ ጭቃ ላይ አድርጎ መተኮስ ነው። ጥይቱ አለመብሳቱ አይበቃም፤ ከጀርባው ሸክላው ላይ የሚተወው ጉድጓድ ከ44 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ ይለካል። ሰውነት ላይ ሲሆን ያ ጉድጓድ የተሰበረ የጎድን አጥንት ነው። አዲሱ መለኪያ በ2023 ወጥቷል። ድሮ 3ኤ የሚባለው ደረጃ አሁን ኤች ጂ 2 ሆኗል፤ የሽጉጥ ጥይት ነው የሚያቆመው። ጠመንጃ ከሆነ ጠንካራ ሳህን ያስፈልጋል፤ አር ኤፍ የሚሉት ደረጃ ማለት ነው። አዲሱ መለኪያ የሴቶች ቬስት የሚፈተንበትንም መንገድ አሻሽሏል። ዘግይቷል፤ ግን መጥቷል።

ዝርዝሩን እንደ ቢሮክራሲ የሚያይ ሰው ካለ የዛይሎንን ነገር ልንገረው። ዛይሎን በአንድ ወቅት የተወደደ ጨርቅ ነበር። ቀላልና ስስ ስለሆነ ፖሊሶች ሙቀቱን ሸሽተው ይመርጡት ነበር። በ2003 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጥይት የዛይሎን ቬስት በስቶ አንድ ፖሊስ አቆሰለ። ሲጣራ ጨርቁ በሙቀትና በእርጥበት ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። በ2005 ኤን አይ ጄ ዛይሎን ያለባቸውን ቬስቶች ከዝርዝሩ አወጣ። ጨርቁን የሠራው የጃፓኑ ቶዮቦ በ2018 ለአሜሪካ መንግሥት 66 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኔ እያንዳንዱን ቬስት ስረከብ ፓነሉን አውጥቼ ከውስጥ ያለውን የሞዴል ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አመሳክራለሁ። መጋዘን ውስጥ ቆሜ ሳነብ አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ስለ እጥበቱም አንድ ነገር። ሽፋኑ ይታጠባል፤ ፓነሉ ግን ማሽን ውስጥ አይገባም፣ በረኪና አይነካውም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ተዘርግቶ ይደርቃል። በደግነት ተነሳስታ የባሏን ቬስት ከነፓነሉ ያጠበች ሚስት አጋጥማኛለች። ምን ይባላል? ተመስግናለች፣ ቬስቱም ተጥሏል።

ድጎማው የማይሸፍነውን ደግሞ አትርሱ። ቢ ቪ ፒ ለቬስት ብቻ ነው። ሄልሜት፣ ጋሻ፣ የጋዝ ጭምብል ከፈለጋችሁ ፊታችሁን ወደ ጃግ አዙሩ። እሱ በ1988 ኒው ዮርክ ውስጥ በተገደለው ወጣት ፖሊስ በኤድዋርድ በርን ስም የተሰየመ ድጎማ ነው። ገንዘቡ የሚደለደለው በሕዝብ ብዛትና በወንጀል ቁጥር ነው። ስለዚህ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ በቀጥታ ምንም ላይደርሳት ይችላል፤ በስቴቷ በኩል መጠየቅ አለባት። በጃግ ቬስት ከገዛችሁም የመልበስ መመሪያው ይጠየቃል።

ከማመልከቻው በፊት ደግሞ ሳም በሚባለው የፌዴራል መዝገብ ላይ ያለው ምዝገባችሁ ያላለፈበት መሆኑን እዩ። በየዓመቱ መታደስ አለበት። የባንክ ቁጥር ከተቀየረ ወይም መዝገቡን የሚያውቀው ሠራተኛ ከለቀቀ ማስተካከሉ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ማመልከቻው ክፍት ሆኖ የሚቆየው ደግሞ ጥቂት ሳምንት ነው። እኔ የሳሙን ቀን ካላንደሬ ላይ የማሰፍረው ቬስቱ ከሚታዘዝበት ቀን ቀድሞ ነው።