ሀዋሳ ላይ ለልጃችን ያገኘናት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እንዴት ናት

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ማለት ልጁ መልበስ፣ መብላት፣ መፃፍ የመሳሰሉትን የእለት ተእለት ነገሮች ራሱ እንዲችል የምታሰለጥን ባለሙያ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች የምትሰራ ስለሆነች ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝና አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ከ5 4 ነው የምሰጣት፣ አንዷን የቀነስኩበትን ምክንያት ታች ታገኙታላችሁ።

ልጄ ስድስት አመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፣ እርሳስ በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ጎረቤት ብሌንደር ከተነሳ ጆሮውን ይዞ አልጋ ስር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ ይሄን ለሰው ስትነግሩ ወይ ፊዚዮቴራፒ ውሰጂው ወይ አዲስ አበባ ውሰጂው ነው መልሱ። ሙያው ሀገራችን ላይ ገና ነው፣ በዲግሪ ማስተማር የጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው እሱም በቅርብ አመታት፣ ስለዚህ የተመረቁት ጥቂት ናቸው፣ እኛ ያገኘናትም ከነሱ አንዷ ናት።

እህቴ አሜሪካ፣ አሪዞና ፊኒክስ ነው የምትኖረው የሷም ልጅ እንደኔው ነው፣ ግን እዛ የትምህርት ቁጠባ አካውንት የሚሉት ነገር አለ፣ ኢኤስኤ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር በዋናነት ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ነበር በ2022 ለሁሉም ልጅ ከፈቱት፣ ግዛቱ ለልጁ ትምህርት የመደበውን ብር በየሩብ አመቱ አካውንቱ ውስጥ ያስገባላትና እሷ ክላስዋሌት በሚባል ሲስተም ለቴራፒስቱ ትከፍላለች። በነፃ የመጣ እንዳይመስላችሁ ግን፣ አካውንቱን የወሰደ ወላጅ ልጁን ከመንግስት ትምህርት ቤት አስወጣለሁ ብሎ ይፈርማል፣ ትምህርት ቤቱ በህግ የመስጠት ግዴታ የነበረበት ቴራፒም አብሮ ይቀራል። እና ቴራፒስቱ ላይ ቆፍጠን ያሉ ናቸው፣ ፈቃድ ወይ እውቅና የሌለው ሰው ከዛ ብር አይከፈለውም፣ የልጁ የጉዳት ማስረጃም መቅረብ አለበት፣ ደረሰኙም ዝርዝር ያለው መሆን አለበት።

እኔ ሁሉንም ከኪሴ ነው የምከፍለው የሚጠይቅልኝም የለም፣ ስለዚህ እህቴን እዛ ምን ምን ነው የሚጠይቋችሁ ብያት የነገረችኝን እንዳለ እዚህ ተጠቀምኩበት። ዲግሪሽንና የሙያ ፈቃድሽን አሳዪኝ፣ እቅድ በፅሁፍ ስጪኝ፣ ቀኑና የሰራሽው ነገር የተፃፈበት ደረሰኝ ስጪኝ። ከሷ በፊት የሄድንበት አንድ የግል ቦታ እቅድ ስል "ልጁ እየለመደ ሲመጣ እናያለን" ብለውኝ ደረሰኙ ላይ "አገልግሎት" ብቻ ፅፈው ሰጥተውኛል፣ ምን እንደተሰራ እስከዛሬ አላውቅም። ይቺ ግን ሳትኮራ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ።

መጀመሪያ ቀን ምንም አላሰራችውም፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ሲጫወት ስታየው ቆየችና "እህቴ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ጀምሮ ማታ እስኪተኛ ምን ምን እንደሚያስቸግረው አንድ በአንድ ንገሪኝ" አለችኝ። በሳምንቱ እቅዱን ይዛ መጣች፣ "በሶስት ወር የሸሚዙን ሶስት ቁልፎች ብቻውን ይቆልፋል" ይላል፣ እንደዚህ ግልፅ ነው፣ ደርሷል አልደረሰም ብዬ ራሴ ማየት እችላለሁ።

የምትጠቀምበት እቃ ደሞ ከቤት የማይጠፋ ነው። ጠመኔ ጥፍር እስኪያክል ሰብራ ትሰጠዋለች፣ ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ በጡጫ መያዝ አይቻልም፣ ጣቶቹ ሳይወዱ በግድ እርሳስ አያያዝ ይለምዳሉ። የልብስ መቆንጠጫ በሳህን ጠርዝ ዙሪያ ያሰካዋል፣ ሊጥ ያስቦካዋል፣ ምስር በሁለት ጣት ያስለቅመዋል፣ እንጀራ በሶስት ጣት ቆርሶ ወጡን መጠቅለልን ራሱ ስራ አድርጋዋለች እማማም ስላዩት ምሳ ላይ እሳቸው ናቸው የሚያሰሩት። ለመፃፍ ከመቀመጡ በፊት ውሃ ያለበት ትንሽ ጀሪካን ከበር እስከ ኩሽና ያስጎትተዋል፣ ጡንቻው ከሰራ በኋላ ሰውነቱ ይረጋጋል ነው የምትለው፣ እውነትም ከዛ በኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አሁን ሁለቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ የላይኛው አንገት ስር ያለው ነው የቀረው። እኔ ይሄን ሳይ ያለቀስኩት ለቅሶ በቃ አይወራም።

አንዷን የቀነስኩበት፣ ሰአት ላይ ችግር አለባት፣ ዝናብ ከመጣ ባጃጅ አጣሁ ብላ በመጨረሻ ሰአት ትቀራለች፣ እንደኔ ልጅ ፕሮግራሙ ሲዛባ ቀኑን ሙሉ ለሚረበሽ ልጅ ደሞ ይሄ ቀላል አይደለም። ትምህርት ቤት ሄደሽ መምህሯን አናግሪልኝ ብላትም እስካሁን አልሄደችም፣ ቤት የለመደውን ክፍል ውስጥ ማንም አያስቀጥለውም። ዋጋውም የወሩ ሲደመር የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ይጠጋል፣ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ አድርጋችሁ የቀረውን ቀን ወረቀት ላይ ፅፋ የምትሰጠውን እናንተ ብታሰሩት ግን ይሰራል፣ እኛም እንደዛ ነው የምናደርገው። ቅዳሜ ሙሉ ነች፣ የሰኞና የሮብ ከሰአት ቦታ አላት ብላኛለች።