የጓሮ የእንጨት ቤት ለምታስቡ፦ እኚህን አናጢ ልጠቁማችሁ

በጓሯችን የቆመውን የእንጨት ቤት የሠሩልንን አናጢ በአደባባይ ማመስገን ከፈለግሁ ቆይቻለሁ። ቤቱ ዝናብም ፀሐይም እስኪፈራረቅበት ብዬ ነው የጠበቅሁት። አሁንም በሩ ሳይነክስ ይዘጋል፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ግድግዳው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ክፍተት የለም። ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ጋሼ (ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው) መጀመሪያ የጠየቁን ቤቱን ለምን እንደምንፈልገው ነው። ለአካፋና ለመኮትኮቻ ማስቀመጫ ከሆነ 19 ሚሊሜትር ግድግዳ ይበቃል፤ ሰው የሚውልበት ከሆነ ግን ከ28 ባያንስ፣ 44 ከተገኘ ደግሞ ብርዱንም ሙቀቱንም በደንብ ይችላል አሉን። ባለቤቴ ልብስ የምትሰፋበት ክፍል ስለሆነ 44ቱን መረጥን። ጣውላው ሲመጣ እያንዳንዱን አንስተው፣ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱት። የተጣመመውንና ጉጡ ጠቁሮ የላላውን ለይተው አስመለሱ። እንዲህ ያለው ጉጥ እንጨቱ ሲደርቅ ወልቆ ቀዳዳ ይተዋል። የቀረውንም በፀሐይ አላስቀመጡትም፤ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ አየር እንዲያገኘው ሆኖ ከዝናብ ሸፈኑት።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የመሠረቱ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ግድግዳው ቆሞ ማየት ይፈልጋል፤ እሳቸው ግን ሲባጎና ውሃ ልክ ይዘው መሬቱ ላይ ዋሉ። ማዕዘኑን ያወጡት በ3፣ 4፣ 5 ነው፦ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር እስኪሆን አስተካከሉ። ቀጥለው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያሉትን ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ለኩ፤ እኩል ሳይሆኑ ወደ ሌላ ሥራ አላለፉም። መሠረቱ ትንሽ ከተዛባ ጥፋቱ ኋላ የሚታየው በበሩና በመስኮቱ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማረሙ ከባድ ነው። ወለሉን የሚሸከመውን ሞራሌ ከአፈር አርቀው በብሎኬት ላይ አሳረፉት። በእንጨቱና በብሎኬቱ መካከል እርጥበት የማያሳልፍ ላስቲክ አነጠፉ፣ ከሥርም አየር የሚያልፍበት ቦታ ተዉ። እንጨት የያዘው እርጥበት 20 በመቶ ካለፈና እንደዚያው ከቆየ ለሚያበሰብሰው ሻጋታ ይመቻል፤ ከታች የሚነፍሰው አየር የሚከላከለው ይህንን ነው።

ግድግዳው ሲገጠም የጣውላው ወንዴ (በጠርዙ ላይ ወጣ ያለው ምላስ) ወደ ላይ፣ ሴቴው (ወንዴው የሚገባበት ቦይ) ወደ ታች ሆነ፤ ቢገለበጥ ውሃ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። በመዶሻ ወንዴውን በቀጥታ አይመቱም፤ ቁራጭ እንጨት ደርበው ነው የሚመቱት። የወንድሜ ልጅ ሲያግዛቸው ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ጣውላዎቹን እርስ በርስ በሚስማር ለምን አያያይዟቸውም?» ብሎ ጠየቃቸው። «ልጄ፣ እንጨት ተቆርጦም አያርፍም። ከቸነከርኩት ይሰነጠቅብኛል» አሉት። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል። እያንዳንዱ ጣውላ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሟሽሽ፣ 20 ጣውላ የተደራረበበት ግድግዳ 2 ሳንቲሜትር ይወርዳል ማለት ነው። ለዚህ ብለው ከበሩና ከመስኮቱ ክፈፍ በላይ ክፍተት ተዉ፤ ከውጭ በጌጥ ጣውላ ስለተሸፈነ አይታይም። ጣሪያው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን ያርቃል፤ ልባሱም ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እየተደራረበ የተነጠፈ ነው።

ቅባቱን በተመለከተ ጥንቃቄያቸውን ሌሎች አናጢዎችም ቢማሩት ደስ ይለኛል። ወንዴውንና ሴቴውን ከመገጠማቸው በፊት ቀቡ፣ ምክንያቱም ከተገጠመ በኋላ ብሩሽ አይደርስበትም። የተቆረጠውን ጫፍ ደጋግመው ቀቡት፤ እንጨት ከጎኑ ይልቅ በጫፉ ነው ውሃ የሚጠጣው። ከውስጥም ከውጭም ቀቡ፤ አንዱ ወገን ብቻ ሲቀባ ጣውላው ይቆለመማል። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልለው አልጣሉትም፤ ዘርግተው ከቤት ውጭ አደረቁት። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ልጆች ያሉበት ግቢ መሆኑን አስበው ይህን ማድረጋቸውን አልረሳውም።

ሲጨርሱም ቁልፉን ሰጥተው ብቻ አልሄዱም። ባለቤቴን ቤቱን አዙረው የምትከታተለውን አሳዩአት። ግድግዳው ላይ ውሃ ረጭታ ጠብታው እንክብል ብሎ ከወረደ ቅባቱ ደህና ነው፤ እንጨቱ መጥጦ ከጠቆረ ግን እንደገና መቀባት አለበት። አፈርና ቅጠል ከግድግዳው ሥር እንዳይከመር፣ አሸንዳው እንዲጠረግ፣ ተክል ተጠግቶ እንዳይበቅል፣ መስኮቱ አልፎ አልፎ እንዲከፈት ነገሯት። በብሎኬቱ ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካየች የምስጥ መንገድ ስለሆነ ዛሬ ነገ ሳትል እንድትጠራቸው አደራ አሉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደግሞ ሳንጠራቸው መጥተው የበሩን ማጠፊያ አስተካከሉ፣ ከክፈፉ በላይ የተዉትን ክፍተት ፈተሹ፤ ለዚህ የጠየቁት ክፍያ የለም። እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።

ሥራቸው ፈጣን አይደለም። ቸኩሎ የሚያስጨርስ ሰው ከሆናችሁ አትስማሙም። ቤቱ ለዓመታት እንዲቆይላችሁ ለምትፈልጉ ግን ያለ ምንም ጥርጥር እሳቸውን እጠቁማለሁ። ስልካቸውን ለመስጠት ፈቅደውልኛል፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ሥራ ስለሚበዛባቸው የዝናቡ ወቅት ሳይቀርብ ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው።