ማኅበራዊ ትስስር ገጾችና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የተወዳጅነታቸው ልዩነት

እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ፌስቡክ 100 ሚሊዮን ተጠቃሚ ለማፍራት ከአራት ዓመት በላይ የፈጀበት ሲሆን፣ በ2022 መገባደጃ ይፋ የሆነው፣ ለጥያቄ በጽሑፍ የሚመልሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትጂፒቲ ግን በሁለት ወር ገደማ እዚያው ላይ እንደደረሰ ተገምቷል። ይሁን እንጂ ፍጥነትን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ የፌስቡክ ወርኃዊ ተጠቃሚ በ2023 ከ3 ቢሊዮን አልፏል።

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ቴሌግራም የሚከፈተው ሰው ስላለበት ነው። የዕድር መልእክት፣ የክፍል ጓደኞች ቡድን፣ የጤፍ ዋጋ የሚያጠያይቅ ነጋዴ ሁሉ እዚያ ስለሚገኙ፣ አንዱ ከገባ ሌላው ለመቅረት ይቸገራል። ቻትጂፒቲ ግን ጎረቤት ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም ጥቅሙ ያው በመሆኑ፣ የተሻለ በመጣ ቀን መተዉ ቀላል ነው።

ቋንቋውም ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ተመራቂ ቻትጂፒቲን የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ሲያስጽፈው ደቂቃ አይፈጅበትም፤ በአማርኛ ሲሆን ግን ኃላፊውን «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ ሦስተኛው መስመር ላይ «አንተ» ሊለው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ቀላል ነውር አይደለም። መሣሪያው የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው አንጻር እጅግ ጥቂት ነውና፣ ተመራቂው ራሱ ያርመዋል፤ አርሞም በቴሌግራም ይልከዋል።