እናናን ላተረፈችልን የድንገተኛ ክፍል ፋርማሲስት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ሳልጽፍ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። መጀመሪያ እናቴ እስክትነሣ ጠበቅሁ፤ ከተነሣች በኋላ ደግሞ ከየት ልጀምር የሚለው ቸገረኝ። ዛሬ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ምስጋናዬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ለምትሠራ አንዲት ፋርማሲስት ነው። ስሟን እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች፤ አደራዋን አልበላም።

እናና (እናታችንን እንዲህ ነው የምንጠራት) 64 ዓመቷ ነው። የልቧ ምት ስለሚዛባ፣ ደም ረግቶ ጭንቅላቷ ላይ እንዳይወጣባት ብለው ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ካስጀመሯት 3 ዓመት ሆናት። ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በየወሩ ይለካል፤ አይ ኤን አር ይሉታል፤ ቁጥሩ ሲበዛ መድማት ያሰጋል። የእሷ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። የማውቀው ይችን ብቻ ነበር።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆዷን ቆረጣት። 55 ቀን ጾማ በአንዴ ቅቤና ዶሮ ስለገባባት ነው ብለን ችላ አልን። ሲብስባት ቅርባችን ወዳለ ቦታ ወሰድኋት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ መካሰስ አልፈልግም፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ እንደተቃጠለ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ የእኔን እናት "አንቺ" እያለ፣ "አሜባ ነው" ብሎ ሜትሮኒዳዞል ጻፈላት። ለሕመሙ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ተወጋች። ሌላ የምትወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። የዋርፋሪን ካርዷ እኮ በነጠላዋ ጫፍ እንደተቋጠረ ነበር! አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለችው።

በ4ኛው ቀን አፍንጫዋ መድማት ጀመረ። ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያም "ግፊት ነው፣ ዕድሜም ነው" ብለው ጥጥ ወትፈው አስከፍለው ሸኙን። ገንዘቡ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ አምኜ ወደ ቤት መመለሴ ነው። በማግስቱ ማታ ጥጡ ርሶ ደሙ በጉሮሮዋ ይወርድ ጀመር። የተወጋችበት ቦታ መዳፍ አክሎ ጠቁሯል፤ ዓይነ ምድሯ ከሰል መስሏል። ከአዘዞ በስንት ልመና ባጃጅ አግኝተን ወጣን። መንገዱን ሙሉ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ትላለች። እጇ እንደ በረዶ ነበር።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ ወዲያው ተረባረቡባት፤ እነሱንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ምን እንዳደረጉ አላውቅም። በዓይኔ ያየሁትን ግን ልናገር። ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ወደ እኔ መጥታ "ወንድሜ፣ እቤት የሚወስዱትን ሁሉ ይዘሃል?" አለችኝ። ታናሽ እህቴ እግዚአብሔር ይባርካትና ስንወጣ መድኃኒቱን በሙሉ በፌስታል አፍሳ ሰጥታኝ ነበር። ልጅቷ ከአልጋው ግርጌ ዘረገፈችውና አንድ በአንድ እያነሣች አየችው። የሜትሮኒዳዞሉን ፍሬ በጣቷ ቆጠረች። ከ21 የቀረው 6 ነው። "አምስት ቀን" አለች ለራሷ። ወዲያው ሄዳ ለሐኪሙ ነገረችው።

ተመልሳ መጥታ ደግሞ ጭራሽ ያላሰብኩትን ጠየቀች። ወደ እናና ጆሮ ጎንበስ ብላ፣

"እማማ፣ ጾሙን ምን እየበሉ አሳለፉት?"

"ጎመን ነዋ ልጄ። ጎመንና ሽሮ።"

"ከተፈታስ ወዲህ?"

"ኧረ ጎመን ማን ያያል!"

ካርዷን ገልጣ አሳየችኝ። በጾሙ አጋማሽ የዋርፋሪኑ መጠን ከፍ ብሎ ነበር። በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጾም ወራት መድኃኒቱ ሲያንሳት ጨመሩላት። ፋሲካ መጣ፣ ጎመኑ ቀረ፣ የተጨመረው መጠን ግን እንዳለ ነው። በዚያ ላይ ሜትሮኒዳዞል ሲታከልበት ዋርፋሪኑ ከሰውነቷ ሳይወጣ ቆይቶ ኃይሉ ይበረታል። ዳይክሎፌናኩ ደግሞ ለብቻው ጨጓራን ያደማል። የደሟ ውጤት ሲመጣ 9 አልፏል። ከ3 እንዳይበልጥ የተባለው!

በዚያ ሌሊት የተሰጣት ቫይታሚን ኬ ነው። ልጅቷ ራሷ ከግሉኮሱ ጋር አዘጋጅታ፣ "ቶሎ መግባት የለበትም" ብላ ሰዓቷን እያየች ጠብታውን ስትቆጥር አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ወንድሜ ደም ሰጠ፣ ለእናናም ደም ተሰጣት። ሊነጋጋ ሲል አፍንጫዋ ደረቀ።

አባታችንን የነጠቀን ስትሮክ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እየተጫወተ ቡና ሲጠጣ ስኒው ከእጁ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ያን ዕለት ሌሊት ወንድሜ ተናዶ "ይህን መርዝ ሁለተኛ አትውጥም" ብሎ የዋርፋሪኑን ብልቃጥ ሊወረውረው ነበር። ልጅቷ ሳትቆጣ እጁን ያዘችውና፣ ለጥቂት ቀን እንደሚቆም፣ ጨርሶ ከተተወ ግን የአባታችን ዓይነት ነገር ሊመጣ እንደሚችል ቁጭ ብላ አስረዳችው። ወንድሜ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ጠዋቱን ነው። ተረኝነቷ አልቆ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ወደ ቤቷ መሄድ ሲገባት እናና አልጋ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። እናና ማንበብ አትችልም። ስለዚህ በወረቀት ከረጢቶች ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ሣለችላት። ፀሐዩ የጠዋቱ፣ ጨረቃው የማታው። ቀጥላም "እማማ፣ ጎመን አልከለክልዎትም። ግን ሰኔ ጾም ሲገባና ሲወጣ፣ ፍልሰታም ላይ፣ የገና ጾምም ላይ መጥተው ደምዎን ይለኩ" አለቻት። በሐኪም ወር አልነገረቻትም፤ እናና በምታውቀው ቀን ነገረቻት። እናናም በጣቷ እየቆጠረች ደገመችላት። ሌላ ቦታ እኮ ሰው ቀና ብሎ አላያትም ነበር። እዚህ እንቅልፍ ያላየች ልጅ ፀሐይ ትሥልላታለች።

ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ከደንቢያም ከጭልጋም ሕመምተኛ ይዛችሁ የምትመጡ ሁሉ፣ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካላችሁ፣ የሚወስደውን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የማስታገሻውንም፣ የባሕሉንም መድኃኒት ሳትደብቁ። "የመድኃኒት ባለሙያ አነጋግሩን" በሉ። እነዚህ ልጆች መስኮት ላይ ቆመው መድኃኒት የሚያቀብሉ ብቻ አይደሉም፤ ከሐኪሙ ጎን ቆመው የትኛው ከየትኛው እንደሚጣላ የሚለዩ ናቸው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጠይቁ፣ አትፈሩ። አፍንጫ ከደማ፣ ሰውነት ያለ ምት ከበለዘ፣ ዓይነ ምድር ከጠቆረ ነገ እንሄዳለን አትበሉ።

አንቺ እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ውለታሽን እኛ አንከፍለውም፤ ፈጣሪ ይክፈልሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ያሳደጉሽን እናትና አባት ይባርክልኝ። እናና ድፎ ጋግራ ልካልሽ "ለክፍሉ በሙሉ ይቆረስ" ማለትሽን ሰምታ የባሰ ወደደችሽ። ትናንት ቀጠሮዋ ነበር፤ ፀሐይና ጨረቃ ያለባቸውን ከረጢቶች በነጠላዋ ቋጥራ ሄደች። ውጤቷ 2.4 ሆኗል።