ኮፒው የጀልባ ቦቢና፦ ዕቃው ደህና ነው፣ ጫፎቹ ናቸው አስቸጋሪዎቹ

ለአሮጌው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ የጀልባ ሞተር (ሁለት ስትሮክ፣ ሁለት ሲሊንደር) የሚሸጠው ስም የለሽ ኮፒ ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ከኦሪጅናሉ በብዙ ይረክሳል። ሐይቅ ላይ ጀልባ ለሚያሠራ ሰው የሚገዛ ዕቃ ነው፤ ከካርቶኑ ወጥቶ እንዳለ የሚታሰር ግን አይደለም። የውስጡ የሽቦ ጥቅል ሥራውን ይሠራል። የሚያጣሉት ከሱ የሚወጡት ሁለቱ ገመዶችና ካንዴላው ላይ የሚደፉት ካፖች ናቸው።

በመጀመሪያ ግን አሮጌው ቦቢና በእርግጥ ሞቷል ወይ? ሐይቅ ላይ ያለ ጥፋቱ የሚከሰስበት ጊዜ ብዙ ነው። የደጋ ሐይቅ ያለው ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተቃኘ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው እርጥብና ጥላሸታም ይሆናል፣ አንዱ ሲሊንደር ይተኛል። ዘይት ማብዛት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር የጀልባ ሁለት ስትሮክ ዘይት፣ ማለትም 50 ለ1፣ ይበቃል፤ «ለጥንቃቄ» እየተባለ የሚጨመረው ብርጭቆ ካንዴላ ከመግደል በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ ቅድሚያ ሁለት አዲስ ቢ7ኤችኤስ-10 ካንዴላ፣ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር። በቀናት ውስጥ እንደገና ከጠቆሩ የካርቡራቶሩ ዋና ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ይቀነስ። ቦቢና መቀየር ይህን በሽታ አያድነውም።

ሁለቱም ካንዴላ እሳት ካጡ ከማጥፊያው ቁልፍ የሚመጣው ነጭ ሽቦ ይነቀልና የማስነሻው ገመድ ይሳብ። እሳት ከመጣ ጥፋተኛው ቁልፉ ነው፤ ወጪም የለውም። (ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ በቁልፍ አይጠፋም፣ ቾክ ስቦ ማፈን ነው።) አንዱ ብቻ ካጣ ቦቢናውን ለመጠርጠር አይቸኮል። በዚህ ሞተር አንድ ቦቢና ሁለቱንም ካንዴላ በአንዴ ስለሚያቃጥል፣ ውስጡ ቢበጠስ ሁለቱም ናቸው የሚታመሙት። የአንድ ወገን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከካፑ ወይም ከገመዱ ነው።

ሌላው ምልክት ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ሲግል ጠፍቶ፣ ሲበርድ እንደገና መነሳቱ ነው። ይህ ቦቢና ሊሆን ይችላል፤ ከቮላኖው (ከላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ብረት) ሥር ያለው የቻርጅ ጥቅልም እንዲሁ ያደርጋል። በቴስተር ሁለቱንም እንደጋሉ መለካት ነው፤ በብርድ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ቦቢናው ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅል አለ። ቀዳሚው ከ1 ኦም በታች ስለሆነ፣ መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝቶ የሚያሳየውን ከውጤቱ መቀነስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጥቅል ከገመድ ጫፍ ወደ ገመድ ጫፍ ይለካል፣ ካፖቹ ወልቀው። ሬዚስተር ያለው ካፕ እያንዳንዱ 5 ኪሎ ኦም ገደማ ስለሚጨምር ከነካፑ የለካ ሰው ጤነኛውን ቦቢና ሊጥለው ይችላል።

ኮፒው እጅ ላይ ሲገባ ከአሮጌው ጎን ይቀመጥ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ። የታችኛው ሲሊንደር ገመድ ግን አጠር ያለ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ሲታሰር እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ሲሊንደሩን ይታከካል፣ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም ጎማው ይፋቃል። ሻጩ «አብሽር፣ ይገጥማል» ቢልም ገመዱን ከአሮጌው ጋር ሳይለኩ ብር መክፈል አይገባም። ካፑ ደግሞ በእጅ ሲዞር ከገመዱ ላይ የሚፈታ ከሆነ ውስጡ ያለው ብሎን መዳቡን አልነከሰም ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የገመዱን ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ቆርጦ፣ የመዳብ ክሮቹ መሐል ላይ መሆናቸውን አይቶ፣ ካፑን እስኪጠብቅ በቀኝ ማዞር። የአሮጌው ካፕ ጎማ ካልተሰነጠቀ ከአዲሱ ይልቅ እሱን መመለስ ይሻላል።

መግጠሙ ራሱ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፣ ባለ 10 ቁጥር ቁልፍና ካቻቢቴ ይበቁታል። የሚረሳው ማሳው፣ ማለትም ቦቢናው ከሞተሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት፣ ነው። ቦቢናው የሚያርፍበት ብረት ቀለም ወይም ዝገት ካለው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈተግ፤ ጥቁሩ የማሳ ሽቦም ከብሎኑ ሥር መመለሱ ይታይ። ማሳ ያልያዘ አዲስ ቦቢና ከሞተው አይለይም። ብሎኖቹ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የታሰሩትም አሉሚኒየም ላይ ነው፤ አጥብቆ መጠምዘዝ ጥርሱን ይበላዋል።

እሳቱ ሲፈተን የቤንዚን ጋኑ ይራቅ፣ ሁለቱም ካንዴላዎች ካፕ ለብሰው ብረት ይንኩ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ባዶ አንጠልጥሎ ሞተሩን መሳብ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ነው፤ መውጫ ያጣው ኮረንቲ የቦቢናውን ውስጥ ይበሳዋል፣ ከዚያ «ኮፒ ስለሆነ ሞተ» ይባላል።

የመጨረሻው ፈተና በጨለማ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ማቀዝቀዣ ውሃ እያገኘ ሞተሩ ይነሳና ገመዶቹና ካፖቹ ላይ በመርጫ ትንሽ ውሃ ይነፋ። ከገመዱ ወደ ሲሊንደሩ ቀጭን ሰማያዊ ክር ዘልሎ ከታየ፣ በክረምት ጭጋግ ጠዋት ጀልባዋ የምትቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ናስትሮ መጠቅለል ለጥቂት ቀን ነው የሚያገለግለው፤ ገመዱ ወይም ካፑ መቀየር አለበት። ቀኑን ሙሉ ሰው ለሚያመላልስ ጀልባ ኦሪጅናሉ ታስሮ ኮፒው ተፈትኖ በመጠባበቂያነት ከ10 ቁልፉ ጋር በከረጢት ቢቀመጥ ይሻላል፤ ጠዋት መረብ ሰብስቦ ለሚመለስ ግን ኮፒው ብቻውን በቂ ነው።